እንሰቱ ተሞገሰ፤ የምትፍቀውስ?

ሐዋሳ የስብሰባ ከተማ ናት። ይህን የማያውቅ የመሥሪያ ቤት ሰው ካለ ከቢሮው ወጥቶ የማያውቅ ብቻ ነው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል በየሚኒስቴሩና በየእርዳታ ድርጅቱ ካዝና የቀረችው ገንዘብ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ዳር ትወርዳለች። አዳራሽ ይከራያል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ይታደላል፣ ሻይ ቡናው ይቀርባል፤ በሦስተኛው ቀን አበል ተፈርሞ ሁሉም ወደመጣበት ይበተናል። ካለፉት ዐሥር ዓመታት ወዲህ ከነዚህ ባነሮች የማይጠፋ አንድ አርእስት አለ፤ «የአየር ንብረት ለውጥን መቋቋም»። ከሥሩ፣ አነስ ባለ ፊደል፣ «ጾታና ማኅበራዊ አካታችነት» የምትል ትከተላለች።

መቼም አርእስቱን የሚጠላ የለም። እኔም አልጠላሁትም፤ እንዲያውም ከነዚያ አዳራሾች ከሚወጣው ወሬ ሁሉ እውነቱ እሱ ነው እላለሁ። የሚያናድደው፣ ስብሰባው አልቆ ሂሳብ ሲሠራ ያቺ አነስ ያለች ጽሑፍ የት እንደምትገባ አለመታወቁ ነው። ከሆቴሉ በር እስከ ገበያው በባጃጅ ቢበዛ ጥቂት ደቂቃ ነው። እዚያ ቆጮዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ፀሐይ ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ስለ እሷ ሦስት ቀን ሙሉ ሲመከር እንደዋለ አታውቅም። ብታውቅስ «አበሉ ስንት ነው?» ብላ ከመጠየቅ በቀር ምን ትላለች?

እስቲ ሂሳቡን እናንሣው። ኢሕአዴግ ኅዳር 2004 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ደርባን ላይ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ እገነባለሁ የሚለውን ስትራቴጂውን ሲያስተዋውቅ፣ በ20 ዓመት ውስጥ 150 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ብሎ ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ መካከለኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ተርታ እንሰለፋለን ተባለ። ቀኑ ደረሰ፤ ሰልፉ የት እንዳለ አንባቢ ያውቀዋል። በ2011 ዓ.ም. ብሔራዊ የመላመድ ዕቅድ ወጣ፤ 18 አማራጮች ተዘረዘሩ፣ በዓመት 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተጠየቀ። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት በገባው ሰነድ ደግሞ ጠቅላላው 316 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ከዚህ ውስጥ ጋዝ ለመቀነስ የተመደበው 275.5 ቢሊዮን፣ ለመላመድ የተመደበው 40.5 ቢሊዮን ነው። ልብ በሉ! በዓለም ጋዝ ላይ ያላት ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ አገር፣ ከስምንት ዶላር ሰባቱን ጋዝ ለመቀነስ፣ አንዷን ድርቁንና ጎርፉን ችሎ ለመኖር መድባለች። መላመድ በመንግሥት ቤት የድሃ ዘመድ ነው ማለት ነው። በድሃ ዘመድ ቤት ውስጥ ደግሞ ሴቷ ምን እንደሚደርሳት ገምቱ።

በነዚህ ሰነዶች ሁሉ ጾታ የሚለው ቃል አለ። አልጠፋም። ችግሩ ቃል ብር አለመሆኑ ነው። ለግድብ የሚገባው ሲሚንቶ በኩንታል ይቆጠራል፣ ችግኙ በራስ ይቆጠራል፣ የአማካሪው ደመወዝ በዶላር ይቆጠራል። ውሃ ከሩቅ ቀድታ ችግኙን ያጠጣችው ሴት ግን በነፃ ነው የምትገባው። የዓለም የሂሳብ ደንብ ራሱ ለዚህ ተባባሪ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ብሔራዊ ገቢ የሚለካበት ደንብ ለራስ ፍጆታ የሚመረት ምግብ፣ ውሃ መቅዳትም ጭምር ይቆጠር ይላል፤ ምግብ ማብሰልን፣ ልጅ ማሳደግን፣ በሽተኛ ማስታመምን ግን ከሂሳቡ ያወጣል። ድርቅ ሲመጣ የሚበዛው ሥራ ደግሞ ይኸው ነው። ምንጩ ሲርቅ፣ እንጨቱ ሲጠፋ፣ ልጁ በተቅማጥ ሲያዝ የሚረዝመው የእሷ ቀን ነው። ስለዚህ የአየር ለውጥ ወጪ ተብሎ ከሚቀርበው ቁጥር በፊት አንድ ያልተጻፈ ቁጥር አለ። ከፋዩዋም ታውቃለች።

አሁን ወደ እንሰት እንምጣ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ይጠራልና።

ጥር 2014 ዓ.ም. የእንግሊዝ አገሩ የኪው ዕፅዋት ተቋም ተመራማሪዎችና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አወጡ። እንሰት ዛሬ ከሚበቅልበት አልፎ ቢስፋፋ 100 ሚሊዮን ገደማ ተጨማሪ ሕዝብ ሊመግብ ይችላል አሉ። የዓለም ጋዜጦችና ሬዲዮኖች «ተአምረኛ ሰብል» እያሉ አራገቡት። በርግጥም ድርቅ ይችላል፣ ዓመቱን ሙሉ ይተከላል፣ በተፈለገ ጊዜ ይቆረጣል፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ለወራት ይቆያል። ለሲዳማ፣ ለጌዴኦ፣ ለጉራጌ፣ ለሀድያ ወሬው አዲስ አይደለም፤ 20 ሚሊዮን የሚሆን ኢትዮጵያዊ የኖረው በዚሁ ነው። ደስ ይበለን፣ ተሞገሰልን።

ግን ያንን ተአምር ከተክልነት ወደ ምግብነት የሚለውጠው ማነው? እንሰቱ ከተተከለ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ዓመት ቆይቶ ሲደርስ ሴትዮዋ መሬት ላይ ትቀመጣለች። የግንዱን ልባስ ዘንበል ካለ ጣውላ ላይ አስደግፋ በአንድ እግሯ ተረከዝ ትይዘዋለች፤ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትገፋለች። አሚቾውን በጥርሳም እንጨት ትከተክታለች። ከጭማቂው የረጋው ቡላ ይሆናል፣ የተፋቀው በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ይገባል፣ ይገለበጣል፣ ቅጠሉ ይለወጣል፣ ይጨመቃል፣ ቃጫው ይለቀማል፣ ይከተፋል፣ ይጋገራል። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት እየተጠራራ ካልሆነ አይገፋም። ወንድ ደግሞ አጠገቡ አይደርስም፤ በባህሉ ነውር ነው። ኅዳር 2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ ፍቼ ጫምባላላን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ባለሥልጣናቱ በዓሉ ላይ በእንሰት፣ በቅቤና በወተት የሚሠራውን ቡርሳሜ በቴሌቪዥን ፊት ሲጎርሱ ያየ፣ ማን እንደፋቀው የጠየቀ አልነበረም።

እንግዲህ እንሰት እጥፍ ይተከል ማለት የሴቷ ወገብ እጥፍ ይጉበጥ ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። መፋቂያ ማሽን የለም እንዳይባል አለ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መፋቂያና መጭመቂያ ሠርቶ ካሳየ ቆይቷል። ታዲያ ለትራክተርና ለኮምባይነር የቀረጥ ነፃ መብት ሲሰጥ፣ የስንዴ ማሳ በድሮን እየተቀረጸ ሲታይ፣ ያ መፋቂያ ለምን ከኤግዚቢሽን ጠረጴዛ ርቆ አልሄደም? መልሱ ቀላል ነው። ስንዴ በኩንታል ተመዝኖ ወደ ውጭ ይላካል፣ ሪፖርት ይሆናል። ቆጮ ጓሮ ውስጥ ይበላል። የጓሮውን ጉልበት ደግሞ ማንም አልከፈለበትም፤ ያልተከፈለበትን ጉልበት ለመቆጠብ ገንዘብ የሚያወጣ ባለበጀት የለም።

ሌላም አለ። በሐዋሳ ዙሪያና በወንዶ ገነት በኩል የሚሄድ ሰው የድሮው የእንሰትና የቡና ጓሮ ወደ ጫትና ባሕር ዛፍ ሲለወጥ በዓይኑ ያያል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የተሳተፉባቸው ጥናቶችም ይህንኑ ይላሉ። ገበሬውን አልፈርድበትም። መሬቱ ተቆራርሶ የእንሰት ስድስት ዓመት መጠበቅ የማይችል ስንት አለ! ጫት በዓመት ደጋግሞ ይሸጣል፣ መንገዱ ቅርብ ነው፣ ነጋዴው ቤት ድረስ ይመጣል። በመጽሐፍ ቋንቋ ይህም «መላመድ» ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የሚገባበት ኪስ ተለውጧል። እንሰቱ ጓሮ ሳለ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ለቤት ምን ያህል እንደሚቀር፣ ምን ያህል እንደሚሸጥ ሚስት ትናገር ነበር፤ የቡላና የቃጫ ሳንቲም የእሷ ነበረች። የጫቱ ብር በብዛት የሚቆጠረው በባል እጅ ነው። እንደዚህ ያለውን ቤት ቆጣሪ መጥቶ «ገቢው አድጓል» ብሎ ይጽፈዋል። የልጆቹ ሳህን ግን በአዲሱ ኪስ መልካም ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሏል። በ2000 ዓ.ም. ደቡብ ውስጥ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው መጥቶ ማሳው ለምልሞ ሕፃናት ሲከሱ ያየን ሰዎች፣ አረንጓዴ ቀለም ብቻውን ጥጋብ እንዳልሆነ መርሳት አይገባንም።

ከብትም ሲሞት ያው ነው። እንሰት የሚቆመው በፍግ ነው። ድርቁ ላሟን ሲወስድ ወተቱ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ የእንሰቱም ማዳበሪያ አብሮ ይሄዳል። በቦርቻና በሐዋሳ ዙሪያ ቆላማ ቀበሌዎች ላም የሌላት ባልቴት እንሰት ከሀብታሙ ጎረቤቷ እንሰት ለምን እንደሚያንስ ለማወቅ የአፈር ምርመራ አያስፈልግም።

ፍትሐዊ እንሁን፤ የተሠራም አለ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በደቡብ በተሰጠው የመሬት ደብተር ላይ የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ከባሏ ጎን ሰፍሯል። ይህን ያህል እንመርቅላቸው። ስትፋታ ወይም ባሏ ሲሞት ባዶ እጇን እንዳትባረር ረድቷታል። ደብተሩ ግን ጫት ይተከል ወይስ እንሰት ይቆይ የሚለውን ክርክር አይዳኝም። ባንክ ወይም የብድር ተቋም ስትሄድም ለረጅም ጊዜ መያዣ አይሆንላትም ነበር።

ሴፍቲኔቱም እንዲሁ። በ1997 ዓ.ም. የገጠሩ ተጀመረ፤ በ2009 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ገንዘብ የከተማው ሲመጣ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ሐዋሳ ነበረች። ደንቡን ላነበበው በወረቀት ላይ ከብዙ አገር ይሻላል። ነፍሰ ጡርና አራስ ከጉልበት ሥራ ወጥታ በቀጥታ እንድትደገፍ ያዛል። ሐዋሳ መንገዶቿ ጠዋት ንጹሕ ሆነው የሚታዩት ብዙዎቹ ጠራጊዎች እነዚያ ሴቶች ስለሆኑ ነው። እርከኑን የሚሠሩት፣ ችግኙን የሚተክሉትም ብዙ ናቸው። ታዲያ አንድ ነገር እንጠይቅ። የዝናብ ውሃን የሚያስቀር እርከን፣ ቦዩን የሚጠርግ አካፋ የአገር የመላመድ ሥራ ከሆነ፣ ሠራተኛዋ ለምን «ተረጂ» ትባላለች? ሥራው ያው ሆኖ ተቋራጭ ሲሠራው ጨረታ ይወጣበታል፣ ትርፍ ይታሰብበታል። እሷ ስትሠራው እርዳታ ይሆናል። ክፍያው በዘገየ ቁጥርም «ታገሡ» ትባላለች፤ ተቋራጭ ቢሆን ፍርድ ቤት ይሄዳል።

መስከረም 2010 ዓ.ም. አረንጓዴው የአየር ንብረት ፈንድ ካይሮ ላይ ተሰብስቦ ለኢትዮጵያ 45 ሚሊዮን ዶላር ሲያጸድቅ የፕሮጀክቱ ስም ራሱ ጾታን ያገናዘበ የድርቅ መቋቋሚያ የሚል ነበር። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውሃ መሳቢያ፣ የመጠጥ ውሃ፣ መስኖ። መልካም ነው። ውሃ ለቀረበላት ሴት ዕድሜ እንደተጨመረላት ይቆጠራል፤ በዚህ አላሾፍም። የማሾፈው በሪፖርት አጻጻፍ ልማድ ነው፤ ከተጠቃሚዎቹ ይህን ያህል ከመቶው ሴቶች ናቸው ይባላል። ሴት ከሕዝቡ ግማሽ ናት! ቧንቧ የተተከለበት ቀበሌ ሁሉ ግማሹ ሴት መሆኑን ለማወቅ ፈንድ አያስፈልግም። የሚጠየቀው ሌላ ነው። የውሃ ኮሚቴውን ገንዘብ የሚይዘው ማነው? መሳቢያው ሲበላሽ ጠጋኙን የሚጠራ ስልክ በማን እጅ ነው? ዓይነ ስውሩ፣ በክራንች የሚሄደው ሰው ከቦኖው ደረጃ ላይ ይወጣል ወይ?

ከሁሉ የከፋው ግን የፓርኩ ነገር ነው። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ለ60 ሺህ ሰው ሥራ ይሰጣል ተባለ። የፓርኩ መኩሪያም የቆሸሸ ውሃውን አጣርቶ መልሶ መጠቀሙ፣ ወደ ሐይቁ አለመልቀቁ ነበር። ጥሩ ነው፤ ሐይቃችን መውጫ የለውም፣ የገባበትን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። ግን ያ ሁሉ የተራቀቀ ማሽን የውሃውን ጠብታ ሲቆጥር የልጅቷን የቤት ኪራይ የቆጠረላት አልነበረም። ግንቦት 2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ንግድ ትምህርት ቤት ማዕከል ባወጣው ጥናት የመነሻ ደመወዟ በወር 26 ዶላር፣ ልብስ ሰፍተው ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። በአንዲት ጠባብ ክፍል አራት አምስት ሆነው ይኖሩ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል አለ፤ ከዚያ በኋላ ዝቅተኛው ደመወዝ ሳይወሰን ዓመታት ተቆጠሩ።

ይህ ከአየር ንብረት ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። እንዲህ ነው። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የመጡት ከተቆራረሰ መሬትና ከሚቀር ዝናብ ነው፤ ከሲዳማ ገጠር፣ ከወላይታ፣ ከዙሪያው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ ሲጠበቅ ፓርኩም በዚያው ዓመት ነው የተከፈተው። ሴት ልጅን ወደ ከተማ መላክ የድሃ ቤተሰብ የመላመድ ዕቅድ ነው፤ አማካሪ ያልጻፈው፣ ለጋሽ ያልከፈለበት። ከ26 ዶላሯ ቆርጣ ለእናቷ የምትልካት ብር ናት ፈንዱ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች በጦርነቱ ሳቢያ ለቅቆ ሲወጣ፣ ከአንድ ወር በኋላም አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያዋ ኢትዮጵያን ስትሰርዝ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ሥራ አጡ። ጦርነቱን እነሱ አላወጁት። በየገጠሩ የነበረው ያ ፈንድም አብሮ ተዘጋ። የመላመድ ወጪ ሲሰላ ይህን ኪሣራ የመዘገበ መዝገብ አለ? ከነዚያ ልጆች የቀሩት ጉሊት ወጡ። ጉሊት ደግሞ ደንብ አስከባሪ አለ። ከተማ ለማስዋብ መንገድ ሲሰፋ ደግሞ መጀመሪያ የምትነሣው መንገድ ዳር የተቀመጠችው ናት።

ስለ ሐይቁ ካነሣን አይቀር፣ ጨለለቃ የሚባል ሐይቅ እንደነበረ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በከተማዋ አሉ። ከተራራው በተጠረገ አፈር ሞልቶ ረግረግ ሆነ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ከዚያ እያለፈ ደለሉን ይዞ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል፤ በ1990ና በ1991 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ሲነሣ ለከተማዋ የአፈር ግድብ ተሠራላት። ሆቴሉም መዝናኛውም ከግድቡ ተጠግቶ ደህና ኖረ። ደለሉን የሚያቆመው ሥራ ግን ላይ፣ ተራራው ላይ ነው። እዚያ እንጨት ተሸክማ የምትወርደውን ሴት «ደን አጥፊ» ብሎ ከማሰር በፊት ከተማው የምታመጣውን እንጨት እንደሚያነድ ማስታወስ ያሻል።

አንድ ደግሞ በአዳራሾቹ እንኳ የማይነሣ ጉዳይ አለ። ሲዳማ ውስጥ ሀዲቾ የሚባሉ ሸክላ ሠሪዎች አሉ፤ ቆዳ ፋቂዎችና ቀጥቃጮችም እንደነሱ ሲገለሉ የኖሩ ናቸው። አብሮ መብላት፣ መጋባት ሲከለከሉ ኖረዋል፣ መሬታቸው ጥቂት ነው። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ሲሆን ስለ መብት ብዙ ተባለ፤ ሀዲቾዋስ? የመላመድ ፕሮጀክት የሚመጣው በመሬት፣ በዘር፣ በከብት በኩል ነው። መሬት የሌለው በየት በር ይግባ? እንጨት ቆጣቢ ምድጃ በየፕሮጀክቱ ይታደላል፤ ሸክላ በማበጀት እጃቸው የተካነ ሴቶች ቁጭ ብለው ሳለ ምድጃውን ሌላ ሠርቶ ሌላ ይሸጠዋል። ከዚህ በላይ አካታችነትን የሚፈትን ጥያቄ አላውቅም።

ከእኛው ጎራ እንኳ «ይሄ የፈረንጅ አጀንዳ ነው፣ ረሃብ ወንድና ሴት አይለይም፣ ፖለቲካው ሳይስተካከል ስለ መፋቂያ ማውራት ቀልድ ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ረሃብ አይለይም ይሆናል፤ ሳህን ግን ይለያል፣ መጨረሻ የምትበላው ማን እንደሆነች በየቤታችን እናውቃለን። ፖለቲካው ይስተካከል ማለትም እኮ የማን ላብ በበጀት ይቆጠር ማለት ነው። ሥልጣን ላይ ያለውን በዚህ ካልጠየቅነው በምን ልንጠይቀው ነው?

ጉባኤው ደግሞ እየመጣ ነው። በ2027 እ.ኤ.አ. 32ኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ተወስኗል። የዓለም መሪዎች ሲመጡ እንሰት በድንኳን ውስጥ ለትርኢት እንደሚቆም ከአሁኑ ይታየኛል። እስከዚያው የሲዳማ ክልል ምክር ቤት ለሐምሌ በጀት ሲቀመጥ ጥቂት ጥያቄ ይመልስልን። ለስንዴና ለትራክተር ከሚያዘው ገንዘብ ለእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ ስንት ተያዘ? ማሽኑ ሲገዛስ በባል ስም ነው የሚመዘገበው ወይስ በሴቶቹ ማኅበር? በሴፍቲኔት የሚሠራ እርከንና ቦይ በተቋራጭ ዋጋ ቢሰላ ስንት ይሆናል፣ ለሴቶቹ የተከፈለውስ ስንት ነው? ልዩነቱን በብር ጽፈው ያምጡልን፤ እኛም በዚሁ ገጽ እናትመዋለን።